አንባቢስ ነበራት፦ ስለ ሐዋሳዋ መጽሔት ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከወዳጅ ወዳጅ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። የጻፉት አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ለኪነ ጥበቡ ሰፈር ቅርብ የሆኑ ሰው ናቸው። ጉዳዩ ሐዋሳ ውስጥ ተጀምራ፣ ጥቂት ዓመታት ወጥታ፣ ከዚያ ድምፅዋ ስለጠፋ አንዲት ትንሽ የባህል መጽሔት ነው። የምትወጣው ኢንተርኔት ላይ ብቻ ነበር። እኔ ከጸሐፊዎቿ አንዱ ነበርኩ፤ ኋላ ላይ እርማቱንም አግዝ ነበር። ስለዚህ አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ስሟን የማልጠራው በምክንያት ነው። የድሮ አድራሻዋ ዛሬ በሌላ ሰው እጅ ነው። የሚከፍተውን ሰው የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ይቀበለዋል። ስሟን ልጥራ ብል ለቁማር ቤት ደንበኛ መላክ ይሆንብኛል። እዚያ እንዴት እንደደረሰች እመለስበታለሁ።

ጸሐፊው ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። ወጣቱ ማንበብ ስለተወ አንባቢ አጣች። ሐዋሳ የመዝናኛ ከተማ ስለሆነች የባህል መጽሔት የምትሸከምበት ትከሻ የላትም። ኢንተርኔት በተደጋጋሚ መዘጋቱ ገደላት። አዘጋጆቹ ገንዘብ ማግኘት አልቻሉበትም። እርስ በርስም ተጣሉ። በወረቀት ብትታተም ግን ትተርፍ ነበር። ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው፤ ስድብ የለበትም። ግን አብዛኛው ነጥብ አይገጥምም። ስለ ወረቀት ያሉት ይገጥማል፤ ምክንያቱ ግን እሳቸው ያሉት አይደለም።

ከአንባቢ እንጀምር። ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት የድረ ገጹን የጎብኚ ቁጥር ነው። ቁጥሩ መውረዱ እውነት ነው። መቼ እንደወረደም ይታወቃል። ፌስቡክ በጥር 2010 ዓ.ም. ከመገናኛ ብዙኃንና ከድርጅት ገጾች ይልቅ የቤተሰብና የጓደኛ ልጥፎችን እንደሚያስቀድም አስታወቀ። የእኛ አንባቢ ደግሞ ከሞላ ጎደል በፌስቡክ በኩል የሚመጣ ነበር። ትናንት ብዙ ሰው ጋ ይደርስ የነበረ ልጥፍ የአዘጋጆቹ እህቶችና የአክስት ልጆች ጋ ብቻ መድረስ ጀመረ። ቤተሰብ ይቅደም መባሉ እኛ ላይ በደንብ ሠራ።

አንባቢው ታዲያ የት ሄደ? ቴሌግራም ላይ ነበር። እዚያም ሆኖ ሊንክ አይፈልግም። ፒዲኤፍ ላኩልን ይለናል። ሊንክ በተከፈተ ቁጥር የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል። ፒዲኤፍ ግን አንዴ ከወረደ ወረደ ነው። ዩኒቨርሲቲው ዶርም ውስጥ አንዱ ልጅ በሌሊት ጥቅል ያወርዳል። ጠዋት በዜንደር፣ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል በሚያሻግረው መተግበሪያ፣ ለጎረቤት አልጋው ያሳልፋል። ያም ለፍቅረኛው፣ እሷም ለክፍሏ ልጆች። በዚህ ሁሉ ቅብብል ውስጥ የድረ ገጹ ቆጣሪ ያየው አንዱን ልጅ ብቻ ነው፤ እሱንም ካየው።

አንባቢ መኖሩን በምን አወቃችሁ ለሚል፣ ስልክ ይደወልልን ነበር። አንድ ጊዜ ስለ ሲዳማ ጎሳዎች የሚያወሳ ጽሑፍ ወጣ። በሳምንቱ አንድ አባት ከይርጋለም ደወሉ። የአንዱ ጎሳ ስም ላይ መጥበቅ ያለበት ድምፅ ላልቷል ብለው ገሠጹን። የት አነበቡት ስንላቸው የልጅ ልጃቸው በስልኩ እንዳነበበላቸው ነገሩን። ጽሑፉ የወጣበት ገጽ ቆጣሪ ላይ ይህ አባት የሉም። የልጅ ልጃቸውም የለም። ቆጣሪ የማያውቃቸው አንባቢዎች እነዚህ ናቸው። ወጣቱ አያነብም የሚለውን ነገር ስሰማ ሁሌ የሚገርመኝ፣ ማንም ሰው ወጣቱ በምን መልክ እንደሚያነብ ሳይጠይቅ መፍረዱ ነው።

አንባቢውን ያየንበት ሌላው መንገድ ፎቶ ነው። ከስልክ የወጣ አንድ ፎቶ አራት ሜጋባይት ይሆናል። እኛ ከ200 ኪሎባይት በታች ካላወረድነው በቀር አናወጣውም ነበር። ከዚያ በላይ ሲሆን ገጹ አልከፈት አለኝ የሚል መልእክት ይጎርፋል። አንባቢ የሌለው መጽሔት ስለ ፎቶ ክብደት ማን ይወቅሰዋል?

ወደ ከተማዋ ልምጣ። ሐዋሳ ለጸሐፊው የጫጉላ ሽርሽር ከተማ ናት። ፍቅር ሐይቅ ዳር ፎቶ፣ አሞራ ገደል አሳ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ። አልፈርድባቸውም፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚመጣ ሰው የሚያየው ይህንኑ ነው።

ግን ሐዋሳ የሲዳማ ክልል በሰኔ 2012 ዓ.ም. በይፋ ከመመሥረቱ በፊት ከ50 በላይ ብሔረሰቦች የሚኖሩበት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው ከየአቅጣጫው ይዞት የመጣው ዘፈን፣ ምግብ፣ የለቅሶ ሥርዓትና ተረት አለው። አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ አራት ቤተሰቦች በአራት ቋንቋ ልጅ ያስተኛሉ። ለባህል መጽሔት ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? እኛ የጎደለን ጊዜ እንጂ ርዕስ አልነበረም።

የሲዳማን የዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ጫምባላላን ነገር እንውሰድ። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከዚያ ወዲህ በዓሉ ሲደርስ ካሜራው ሁሉ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ይተመማል። ጭፈራው ይቀረጻል፤ የባህል ልብሱ ይቀረጻል፤ ማታ ዜና ይሆናል። በነጋታው ካሜራው የለም። መጽሔቷ የሠራችው ከበዓሉ በፊት ያለውን ነው። የበዓሉ ቀን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ካሌንደር አይነበብም። አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች የከዋክብትን አካሄድ ተከታትለው ነው የሚወስኑት። ከእኛ ልጆች አንዷ ይህን ለመጻፍ ሌሊት ደጅ አደረች። ጽሑፉ ላይ ከጭፈራው አንድም ፎቶ አልነበረም። አንድ የጨለማ ሰማይ ብቻ፤ እሱም በስልክ ስለተነሳ ከጥቁር ወረቀት ብዙም አይለይም። ያም ሆኖ ከሁሉም ጽሑፍ በላይ የዞረው እሱ ነው።

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ አማርኛው በግዕዝ። ግጥም ሲመጣልን ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጥ ነበር። ስልክ ላይ ሲከፈት ግን አንዱ አምድ ሌላው ላይ ይወጣል። ይህን ለማስተካከል የባከነ ሌሊት ስንት ነው! አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን ጣጣ ማን ይፈልገዋል? ሐዋሳ መሆኗ ነው ያንን ሥራ እንድትሠራ ያደረጋት።

ስለ አሞራ ገደልም ጸሐፊው ጠቅሰዋል፤ ለቱሪስት የሚጻፍ ነገር እንደሆነ አድርገው። መጽሔቷ ስለዚያ ቦታ ባወጣችው ጽሑፍ ሐይቁ ውበቱ ስንት ነው የሚል አንድ መስመር የለም። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ይጀምራል። መረብ የሚጠግነው ሰውዬ መሬት ላይ ተቀምጦ የመረቡን ጫፍ በእግሩ አውራ ጣት ይወጥራል። ሁለቱም እጆቹ ነጻ ስለሆኑ እያወራ ይሰፋል። የትኛው ቀዳዳ በቅርንጫፍ፣ የትኛው በድንጋይ እንደተቀደደ አይቶ ይለያል። ከኋላው አባ ኮዳዎቹ ሰልፍ ይዘው የአሳ ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ። ልጆች አሳ ይበልታሉ፤ አንዱ ጥሬውን በዳጣ ይበላል፤ ሌላው ሾርባው እስኪፈላ ይቆማል። ጽሑፉ ስለ መረቡ ዋጋ፣ ስለ ቀዳዳው ጥበት፣ ጠባብ መረብ ጫጩት አሳ እየጠረገ ስለማውጣቱም ያነሳ ነበር። ይህን ያነበበ ሰው አሳ ሲበላ ሌላ ነገር ያስባል።

የኢንተርኔት መዘጋትን በተመለከተ ብዙ አልከራከርም። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ተዘግቷል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። ጎድቶናል። ግን በተዘጋባቸው ሳምንታት ጽሑፍ ተሠርቶ በፍላሽ ይሰበሰብ ነበር። ሲከፈት ወጣ። እንደውም ማንም ፌስቡክ ላይ ስላልተጠመደ ጸሐፊዎቹ ሁሉ በቀጠሮ ቀን ያስረከቡት ያኔ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ከሞቷ ምክንያቶች መዝገብ ላይ ሰርዙልኝ።

አሁን ገንዘቡ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ይበረታሉ። ማስታወቂያ መሰብሰብ፣ በጎግል ማስታወቂያ መጠቀም፣ ከአንባቢ መዋጮ መጠየቅ ይገባችሁ ነበር ይላሉ። ጥሩ ምክር ነው፤ ለናይሮቢ። የጎግል የማስታወቂያ አገልግሎት የሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ነበረው፤ መጽሔቷ በምትወጣበት ዘመን አማርኛ እዚያ ውስጥ አልነበረም። ፔይፓልም ያኔ ኢትዮጵያ ላለ ሰው ገንዘብ አያስረክብም ነበር። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ እኛ መንገዳገድ ጀምረን ነበር። ከዚያ በፊት 50 ብር ለማዋጣት አብዛኛው ሰው ባንክ መሰለፍ ነበረበት። ለ50 ብር ማን ይሰለፋል?

የአካባቢ ማስታወቂያስ? ሞክረናል። አንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳውን ፎቶ ሦስት ወር አስወጣን። ክፍያው ምሳ ሆነ። ለሁላችንም አሳ ጉላሽ ተጋበዝን። ጉላሹ ሸጋ ነበር፤ ሰርቨር ግን በጉላሽ አይከፈልም።

ነገሩ ወዲህ ነው። የመጽሔቷ ወጪ ትንሽ ነበር። ችግሩ በዶላር መሆኑ ነው። የአድራሻው ስም በዓመት ከአስር እስከ አስራ አምስት ዶላር ነው። ፋይሉ የሚቀመጥበት ሰርቨር በወር ጥቂት ዶላር። ሁሉም ተደምሮ የአንድ ሰው የቡና ወጪ ነው፤ ብሩን ማዋጣት ችለን ነበር። ግን የሐዋሳ ሰው ኪሱ ውስጥ ያለው የባንክ ካርድ ያኔ ውጭ አገር አይከፍልም። ስለዚህ ሁሉም እንደሚያደርገው ተደረገ። የአንዱ አዘጋጅ የአጎት ልጅ አሜሪካ አለ። በእሱ ካርድ ይከፈላል። ብሩን እዚህ ለእናቱ እንሰጣለን።

ከዚህ በኋላ ያለውን ጸሐፊው አያውቁትም። ስላልነገርናቸው አልወቅሳቸውም።

ከአዘጋጆቹ አንዱ ለትምህርት ውጭ ሄደ። አንዷ አገባችና አዳማ ገባች። አንዱ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረ፤ በሳምንት አራት ቀን መስክ ነው። ሥራው ቀስ በቀስ አንዲት ልጅ ላይ ተከመረ። ቀን አስተማሪ ናት። ማታ ጽሑፍ ታርማለች፣ ፎቶ ታሳንሳለች፣ ጸሐፊ ትለምናለች። ሌሊት በኢንተርኔት ጥቅሏ ድረ ገጹ ላይ ትጭናለች። ደመወዝ የለም፤ አመሰግናለሁ የሚል እንኳ ጥቂት ነው። አንድ ቀን ትንሽ ልረፍ አለች። ትረፍ ተባለ። ማንም ተዘጋ አላለም። ለጊዜው ትቆይ ነው የተባለው።

በዚያ እረፍት መሀል የአጎት ልጅ ካርድ ዘመኑ አለፈ። የአድራሻው ክፍያ ሳይታደስ ቀረ። አስመዝጋቢው ድርጅት ማስጠንቀቂያ ልኳል፤ አንዴም አይደለም። የላከው ግን መጀመሪያ ሲመዘገብ ወደተሰጠው ኢሜይል ነው። ያ ኢሜይል ውጭ የሄደው ልጅ የተማሪነት ኢሜይል ነው። ከተመረቀ ወዲህ ከፍቶት አያውቅም።

አሠራሩን ለማያውቅ ልንገር፤ ለሌላ ሰው ይጠቅማል። በዶት ኮም የሚያልቅ አድራሻ ጊዜው ሲያልፍ ወዲያው አይወሰድም። እንደ አስመዝጋቢው ሁኔታ ጥቂት ሳምንታት፣ ቢበዛ 45 ቀን፣ በመደበኛው ዋጋ ማደስ ይቻላል። ከዚያ 30 ቀን የመዋጃ ጊዜ አለ፤ እዚህ ላይ ከመደበኛው ዋጋ በላይ ተጨማሪ ቅጣት ይጠየቃል። ከዚያ አምስት ቀን ይቆለፋል። ከዚያ ለፈለገው ሁሉ ክፍት ነው። ስማቸው የታወቀ፣ ብዙ ገጾች ሊንክ ያደረጉላቸው አድራሻዎች የሚለቀቁበትን ደቂቃ የሚጠብቁ አሉ። የእኛም እንዲህ ሄደች። ስናውቅ ውርርዱ ሥራ ጀምሯል። ያወቅነውም አንድ አንባቢ መጽሔታችሁ ኳስ ማስገመት ጀመረች እንዴ ብሎ ሲደውል ነው። ጉድ በል ሐዋሳ!

ሰርቨሩም በዚያው ካርድ የሚከፈል ነበር። ሰርቨሩ ሲቋረጥ ፋይሉ ተሰረዘ።

ተጣሉ የሚለውም እዚሁ ላይ ይመለሳል። ማንም አልተጣላም። እንደውም ብንጣላ ደግ ነበር። የተጣላ ሰው ዕቃ ይቆጣጠራል፤ የይለፍ ቃሉ ማን ጋ ነው፣ አድራሻው በማን ስም ነው ብሎ ይጠይቃል። እኛ በጣም እንዋደድ ነበርና ማንም ማንንም አልጠየቀም።

እና ወረቀት። ጸሐፊው ወረቀት ያስከብራል፣ ወረቀት ዕድሜ ይሰጣል ይላሉ። ዕድሜውን እንየው። በሐምሌ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የፍትሕ ሚኒስቴር በአዲስ ጉዳይ፣ ፋክት፣ ሎሚ፣ ጃኖና እንቁ መጽሔቶች እንዲሁም በአፍሮ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ክስ መመሥረቱን አስታወቀ። ሁሉም በወረቀት የሚወጡ ነበሩ። ወረቀት ከክስ አላዳናቸውም። ከዚያ በፊትም አዲስ ነገር ጋዜጣ በ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በ2002 ዓ.ም. ቆሟል፤ አዘጋጆቹ ተሰደዋል። ከፖለቲካው ውጭ ብንሆንም የማተሚያ ዋጋ አለ፣ ማከፋፈያ አለ፣ ያልተሸጠ ቅጂ አለ። በጉላሽ የሚከፈለው ቡድን ይህን እንዴት ይችለዋል?

ግን እነዚያ የቆሙት ኅትመቶች ዛሬ ይነበባሉ። ጸሐፊው ያላዩት ይህን ነው። የታተመ ነገር ቅጂው ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ይገባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ይሰበስባል። እነሱም ቢቀሩ ሱቅ ውስጥ ስኳር መጠቅለያ ከመሆን ያመለጠ፣ አንድ ጡረተኛ አልጋ ሥር የተቀመጠ ቅጂ አይጠፋም። ወረቀት መጽሔትን ከመዘጋት አያድንም። ከተዘጋ በኋላ ግን ያወጣው ነገር ብዙ ሰው ቤት ተበትኖ ይቀራል። አንድ ካርድ ስላለፈበት ሁሉም ቅጂ በአንድ ቀን አይሰረዝም።

ኢንተርኔት ላይ ያለው አማርኛ እንዲህ ሲጠፋ የእኛ የመጀመሪያው አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እያንዳንዱ የራሱን ፎንት እየጫነ ይጽፍ ነበር። ያኔ የተጻፉ ገጾች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የነጥብ ትርምስ ናቸው። ማን ምን እንደጻፈ ማንበብ አይቻልም። ማንም ደግሞ አልቀበራቸውም፤ ዝም ተብለው ነው የተረሱት።

መጽሔት መቆሙ እኔን ብዙ አያሳዝነኝም። ትንንሽ የባህል መጽሔቶች የሚሠሯቸው ወጣቶች ናቸው፤ ወጣት ደግሞ ያገባል፣ ይቀጠራል፣ ይሄዳል። ጥቂት ዓመት ጥሩ ነገር ካወጡ በቃ፤ ሌላው ይቀጥል። ጸሐፊው ሞተች ብለው ሲያለቅሱላት እኔ የምጠይቀው ንብረቷ የት አለ ብዬ ነው። የአያንቶዎቹ ሌሊት፣ ሁለት ፊደል ጎን ለጎን የተቀመጠበት ግጥም፣ መረብ ጠጋኙ የት አሉ?

የተወሰነው ተገኝቷል። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ድርጅት የድረ ገጾችን የቆየ መልክ ያስቀምጣል። የእኛንም በአንዳንድ ቀን ጎብኝቷታል። ጽሑፉ ከግማሽ በላይ አለ። ፎቶዎቹ ግን አብዛኞቹ ባዶ ሳጥን ናቸው። የድምፅ ቅጂዎቹ የሉም። ቴሌግራም ላይ ቻናል ከከፈትን በኋላ የወጡት ፒዲኤፎች ሙሉ ናቸው። ከዚያ በፊት የወጡት፣ በዜንደርና በፍላሽ ብቻ የዞሩት ናቸው የጎደሉት።

ጸሐፊው በመጨረሻ አንድ ደጋፊ ተፈልጎ መጽሔቷ እንደገና ትጀመር ይላሉ። ሐሳቡን አልጠላውም። ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ከመጣ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አልፏል። አዲስ ነገር በዶላር ከመጀመር በፊት ያለውን መሰብሰብ ይረክሳል። እሳቸውም ጽሑፋቸው ላይ የመጀመሪያዎቹን ዕትሞች እንዳነበቡ ጠቅሰዋል። አንብበው ከሆነ የሆነ ቦታ ወርዷል ማለት ነው። የድሮ ስልካቸውን፣ የድሮ ላፕቶፓቸውን ቢፈትሹልን ትልቅ ውለታ ነው። ያኔ ዶርም የነበራችሁ ልጆችም እንዲሁ፤ በተለይ ከቻናሉ በፊት የወጡትን። ፎቶ ያለው ይሻላል፤ ከሌለውም ግድ የለም። ፋይሉ ቫይረስ በበላው ፍላሽ ላይ ቢሆንም አምጡት፤ የሚያጸዳ ልጅ አለን።